ሳጥኑን ከፍታችሁ ተረከቡ

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብያለሁ። ጦሳ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ እንደ ልማዱ ነው። አጠገቤ አራት ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ቪዲዮ ያያሉ። ዩክሬን ነው። ትንሽዬ ድሮን ታንክ ታባርራለች፣ ትደርስበታለች፣ ከዚያ እሳት። አንዱ ጠረጴዛውን በእጁ መታና "በቃ፣ ታንክ አበቃለት!" አለ። ሌላው "የአሜሪካው ታንክ አብራምስ ቢሆን እኮ አይበገርም ነበር" አለው። ክርክሩ ጦፈ። የማን ሚሳይል ሩቅ ይሄዳል፣ የማን ጄት ይበልጣል፣ ማን ማንን ይጥላል። ከልጆቹ አንዱ የእህቴ የልጅ ልጅ ነው፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ይማራል። ዞር አለና "ጋሼ፣ እርስዎ ታንክ ክፍል አልነበሩም እንዴ? እስቲ የቱ እንደሚበልጥ ይንገሩን" አለኝ።

ያኔ አልመለስኩለትም። ታንኩ ውስጥ ያሉት ልጆች የእናንተው እኩዮች ናቸው። እሱ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ዝም አልኩ። መልሱን ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ለእሱም፣ እንደ እሱ መሳሪያ መሳሪያ ለምትሉ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ታንከኛ አልነበርኩም፣ መካኒክ ነበርኩ። ታንከኛው አቁሞት የሚሄደውን እኔ ግራሶ ተለውሼ አስነሳለሁ። ውትድርና የገባሁት በ1967 ነው፣ በ18 ዓመቴ። ያኔ ሠራዊቱ እጅ ያለው አብዛኛው ነገር የአሜሪካ ነበር። ታንኩም፣ መኪናውም፣ ሬዲዮውም። ቁልፎቻችን ሁሉ በኢንች ናቸው። ግማሽ ኢንች፣ አምስት ስምንተኛ፣ ሦስት አራተኛ። ጨለማ ውስጥ በእጄ ዳስሼ እለያቸው ነበር።

1969 ላይ ከአሜሪካ ጋር ተቆራረጥን። መለዋወጫው ቆመ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የሶማሊያ ጦር ገባ። በ1970 ደግሞ የሶቪየት መሳሪያ ጎረፈ። ቲ-55 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም። 36 ቶን ብረት፣ 12 ሲሊንደር፣ 580 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ደስ አለን፣ አቅፈን የሳምነው ሁሉ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያው ብሎን ላይ ቁልፌን ገጠምኩ። አልያዘም። ሌላ ሞከርኩ፣ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ይሰፋል። ሁሉም ነገር በሚሊ ሜትር ነው ለካ። ዓመት ሙሉ ያጠናሁት የቁልፍ ሳጥን አንድ ቀን ጠዋት ዋጋ አጣ። መመሪያው በሩሲያኛ ነው። አሥር መካኒክ በአንድ ቁልፍ ተራ ይጠብቃል። ጦርነቱ ግን ተራ አይጠብቅም።

ማዶ ያለው የሶማሊያ ጦርም የደረሰበት ያው ነው፣ በተገላቢጦሽ። ታንኩ የሶቪየት፣ ሶቪየቶቹ ግን እኛ ጋ። መሳሪያው ሳይቀየር ሻጩ ተቀየረበት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ "እገሌ አገር ይህን ያህል ታንክ ገዛ" ሲባል የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው። የተገዛው ብረት ብቻ አይደለም። ቁልፉም፣ ጥይቱም፣ ቋንቋውም፣ አስተማሪውም አብሮ ነው የተገዛው። ሻጩ ሲኮርፍ ሁሉም አብሮ ይኮርፋል። ዕዳው ደግሞ አይኮርፍም። የእኛን የሶቪየት ዕዳ አብዛኛውን ሩሲያ የሰረዘችው መሳሪያው አርጅቶ ካለቀ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ለብዙ ሰው ያላወራሁትን ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ወራት ንብረት ክፍል አግዝ ተባልኩ። አንድ ማታ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንግ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ፣ የያዙ ሳጥኖች መጡ። ወደ ግንባር ጥይት ለሚጭኑ መኪኖቻችን የታዘዙ ናቸው። ዝናብ ይዘንባል፣ ሾፌሩ ቸኩሏል፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ፣ ከታዘዘው ጋር አንድ ነው። ሳጥኖቹን ቆጠርኩ፣ ልክ ነው። የንብረት መረከቢያውን ደረሰኝ፣ ሞዴል 19ን ቆረጥኩ፣ ፈረምኩ፣ መኪናውን ሸኘሁ። ሳጥን አልከፈትኩም።

በሳምንቱ መካኒኩ አንዱን አውጥቶ ሊገጥም ሲል አልገባም አለው። የታዘዘው 208 ነው፣ ውስጥ ያለው 308። ሁለቱም ኩሽኔታዎች የውስጥ ቀዳዳቸው 40 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዘንጉ ላይ ጥልቅ ይላሉ። የ208 የውጭ ስፋት 80 ነው፣ የ308 ግን 90። አሥር ሚሊ ሜትር ብቻ። ሌላ እስኪመጣ 7 ሳምንት ፈጀ፣ ሦስት መኪና ቆመ። በኋላ ከግንባር ቆስሎ የመጣ አንድ ልጅ "ጥይት እየቆጠርን ነበር የምንተኩሰው" ሲል ሰማሁ። ምክንያቱ የእኔ ፊርማ ነው ያለኝ ሰው የለም። እኔ ግን ልጁን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አሁንም ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ስለዚህ ቪዲዮውን ስታዩ እንደ መካኒክ እዩት። ክፈቱት። ውስጡ ምን አለ? ማን ሠራው? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

የቱርኩን ድሮን ባይራክታር ቲቢ2 ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. በአዘርባጃንና በአርሜኒያ የናጎርኖ ካራባህ ጦርነት ስሙ ገነነ። ሞተሩ ግን ሮታክስ ይባላል፣ ኦስትሪያ ነው የሚሠራው፣ ባለቤቱ የካናዳ ኩባንያ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ሰዎች ለመዝናኛ በሚያበሩት ትንሽ አውሮፕላን ላይ የምትገጠም ሞተር ናት። ዒላማ የሚያይበት ካሜራም ከካናዳ ይመጣ ነበር። ጦርነቱ ተጀምሮ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው ካናዳ የካሜራውን ሽያጭ አገደች። ሞተር ሻጩም እጁን ሰበሰበ። ቱርክ የራሷን ካሜራ ወደ መግጠም ሄደች፣ መግጠም የቻለችውም ቀድማ ስለጀመረች ነው። ቀድሞ መጀመር ማለት ደግሞ የዛሬ 15 እና 20 ዓመት ቶርኖ ላይ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ነበሯት ማለት ነው። እናንተን የማያችሁ በዚያ ዓይን ነው።

ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። 26 ግሪፐን ጄት ከስዊድን ገዛች። ጥሩ ጄት ነው፣ አብራሪዎቿም ጎበዞች ናቸው። ከ2021 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን የጥገና ውል ስላልነበረ ሁሉም መሬት ላይ ዋሉ። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ከዚህ አላመለጠችም። የራሷ መንግሥት ኦዲተሮች በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ኤፍ-35ን በዕድሜው ሙሉ ለማንቀሳቀስና ለመጠገን ብቻ 1.58 ትሪሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብለዋል። ጄቱን ለመፍጠርና ለመግዛት የሚወጣው የዚህን ሲሶ አይሞላም። ጄት ሲገዛ ፎቶ የሚነሳው ግን በዚያች ሲሶ ነው።

ጥይትም ያው ነው። አውሮፓ ህብረት በመጋቢት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ለዩክሬን በ12 ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን የመድፍ ጥይት እሰጣለሁ አለ። ዓመቱ ሲሞላ የደረሰው ግማሽ ያህሉ ነው። ገንዘብ አጥተው አይደለም። ፋብሪካውን ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ አሳንሰውት ነበር፣ ባሩዱም ማሽኑም የሠለጠነው እጅም በአንድ ዓመት አይመለስም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ይህ ይገባዋል። እኔ ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ፋብሪካ ጥገና ላይ ነበርኩ። አንድ ማሽን ለስድስት ወር ካቆማችሁት ሲነሳ ሌላ ማሽን ነው። ሥራ ያልፈታው ዝገት ብቻ ነው።

"አብራምስ ቢሆን" ላልከው ልጅ፦ ነበር እኮ። አሜሪካ ለዩክሬን 31 ሰጠች። 1,500 የፈረስ ጉልበት ያለው ተርባይን ሞተር አለው፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ከኋላው ረጅም የነዳጅና የመለዋወጫ ሰልፍ ይፈልጋል። ድሮኑ ሲበዛባቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ለጊዜው ከፊት መስመር መለሷቸው። "ታንክ አበቃለት" ያልከውም ፈጥነሃል። በሽቦና በብረት ፍርግርግ ተሸፍነው ዛሬም ይዋጋሉ። መቶ ዓመት ሙሉ አንድ መሳሪያ ሲመጣ ሌላው አበቃለት ተብሏል።

የራሳችንን ከተማ ደግሞ አስቡ። ኅዳር 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ጃንሆይ ከፀረ አውሮፕላን መትረየስ ኋላ ሆነው የተነሱትን ፎቶ አይታችሁታል። ሰው ጀግንነቱን ያያል፣ እሱም ትክክል ነው። እኔ ግን መትረየሷንም አያታለሁ። ከውጭ የመጣች ናት፣ ጥይቷም ከውጭ ነው። ወረራው ሊጀመር ሲል ብሪታንያና ፈረንሳይ ለእኛ መሳሪያ መሸጡን ገድበው ነበር። አሜሪካም በሕግ አግዳለች። እገዳው ለኢጣሊያም ነው ተብሏል፣ ኢጣሊያ ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። እኛ ለአንድ ጥይት የሰው ፊት እናይ ነበር። ፎቶውን ስታዩ ይህንንም አብራችሁ እዩ።

ቪዲዮው ካለቀ በኋላ የሚቀር ሌላም ነገር አለ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እዚሁ ነበርኩ። ስለዚያ ሁላችሁም የየራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ አልመለስበትም። የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ልጅ፣ 11 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፌስታል አንጠልጥሎ በሬ ላይ ቆመ። "አባባ፣ ይቺን ቁራሌው ስንት ይገዛኛል? መዳብ አላት" አለኝ። ወደ ውስጥ አየሁ። የሞርታር ጥይት ነው። ክንፉ ጭቃ ይዟል፣ አፍንጫው ላይ ያለው ፊውዝ እንዳለ ነው። ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ። እጄ በረደኝ። "ማሙሽዬ፣ ቀስ አርገህ መሬት አስቀምጣትና ወደ እኔ ና" አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እየሳቅኩለት። አስቀመጠና መጣ። ይዤው ግቢውን ዞረን ወጣን፣ ጎረቤቱን አስወጣን፣ ፖሊስ ጠራን። ባለሙያዎች መጥተው እስኪወስዷት ድረስ ልጁን ከጭኔ አላወረድኩትም።

ያቺ ጥይት ስትተኮስ ምናልባት አንድ ሰው በስልክ ቀርጿታል። ሌላ ሰው አይቶ ጠረጴዛ መትቷል። መሬት ውስጥ መቅረቷን ግን ማንም አልቀረጸም። እባካችሁ፣ እርሻ ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ ፍርስራሽ ሥር ብረት ብታዩ አትንኩ። አታንቀሳቅሱ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ ለቁራሌ አትሽጡ። ሩቅ ሆናችሁ ቦታውን አስታውሱና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ተናገሩ። ታናናሾቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ይህን ንገሯቸው፣ ዛሬ ማታ።

መሳሪያ አትውደዱ አልላችሁም። እኔም ያቺን የቲ-55 ሞተር እወዳት ነበር፣ አሁንም ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሞያው ግን ከኋላ ነው ያለው። ቶርኖ ተማሩ። ብረት ከብረት ለዩ። የእንግሊዝኛ መመሪያ ሳትፈሩ አንብቡ። ግዥ ላይ ከገባችሁ፣ መኪናም ይሁን የሆስፒታል ማሽን ይሁን ትራክተር፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት መለዋወጫው ለስንት ዓመት እንደሚገኝ፣ መመሪያው በማን እጅ እንደሆነ፣ ሻጩ ሲኮርፍ ምን እንደምታደርጉ ጠይቁ። ያን ውል በደንብ የሚያነብ ልጅ በዚህ ከተማ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ቢበዛ ስንት ገንዘብ ይተርፍ ነበር።

ትናንት የእህቴን የልጅ ልጅ ቤት ጠራሁት። ከመሳቢያዬ አንድ ኩሽኔታ አውጥቼ ሰጠሁት። ከዚያ ማታ ሳጥን ነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። "ቁጥሩን አንብብ" አልኩት። በመስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ "308" አለ። "የውጭ ስፋቱስ?" "80 ይመስለኛል።" ካሊፐር ሰጠሁት። ለካ። እንደገና ለካ። "90 ነው" አለ።

ታሪኩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ኩሽኔታውን በጣቱ ያዞረዋል፣ ግራሶው ስለደረቀ ይንገራገጫል። ከዚያ ቀና አለና "ጋሼ፣ ሳጥኑ ላይስ ምን ነበር የሚለው?" አለኝ።

"208" አልኩት።