መልስ፦ የእናትሽን ክብደት በስልክ ስለማስከታተል

እህቴ፣ እናትሽ 67 ዓመታቸው ነው፣ መሐል ሜዳ ናቸው፣ ውፍረቱ ጉልበታቸውን ጎድቷቸዋል፣ በየወሩ ደብረ ብርሃን ማመላለሱ ስለከበደኝ ሐኪም በስልክ ይከታተልልኛል ወይ ብለሻል። አዎ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ በአካል ይታዩ፣ ግፊት ስኳር ኩላሊት ይመርመሩ።

እኛ አክስቴን እንደዛ ነው ያደረግናት፣ ሞላሌ አካባቢ ናት፣ ኔትወርኩ ቪዲዮ ስለማይችል ሐኪሙ በድምፅ ብቻ በ15 ቀን አንዴ ይደውልላታል፣ ክብደቷንና ግፊቷን የጤና ኤክስቴንሽኗ ለክታ በቴሌግራም ትልክልኛለች እኔ ደግሞ ለሐኪሙ።

አደራ ምግብ ብቻ አስቀንሳችሁ እንዳትተዉት! በሳቸው ዕድሜ ስቡ ሲቀንስ ጡንቻና አጥንትም አብሮ ይሄዳል፣ ከዛ መውደቅና ስብራት ነው። አክስቴ መደብ ላይ ቁጭ ብላ በእጇ ሳትደገፍ ብድግ ቁጭ ትላለች፣ መጀመሪያ 3 ጊዜ ስትነሳ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር አሁን 10 ደርሳለች፣ በሁለት እጇም ውሃ የሞላ ሃይላንድ ታነሳለች። በፆም ደግሞ ዳቦውና ቆሎው ይቀነስና ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ይብዛ፣ ጡንቻ የሚይዘው እሱ ነው።

የስኳር መድኃኒት በተለይ ኢንሱሊን ወይ ግሊቤንክላማይድ ከወሰዱ ግን ምግብ ከመቀነሳቸውም ከመፆማቸውም በፊት ለሐኪሙ ደውሉ፣ ስኳራቸው በጣም ሊወርድ ይችላል።

ብዙ አትጠብቂ፣ 80 ኪሎ ከሆኑ 4 ኪሎ መቀነሱ ራሱ ለግፊቱም ለስኳሩም ይጠቅማል። ሐኪሙ ሲደውል ደግሞ አንቺ አትመልሺላቸው፣ ራሳቸውን ያናግራቸው፣ አክስቴ ማታ ማታ ጠላ እንደምታበዛ የነገረችው ለሱ ብቻ ነው።