ሁለቱን መድኃኒት አንድ ላይ ቢሰጧት ምን አለበት?

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። የምንኖረው ሰንዳፋ ስለሆነ ለቀጠሮ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ነው አዲስ አበባ የምንገባው። ቀዩን ኬሞ አራት ዙር እንደምትወስድ፣ ትራስቱዙማብ የሚባለው ግን ከዚያ በኋላ እንደሚጀመር ተነገረን። ሁለቱም የተፈቀዱ ከሆኑ ለምን አንድ ላይ ሰጥተው አይገላግሏትም? ውጭ ያለው ወንድሜም የተፈቀዱ መድኃኒቶች ተጣምረው ደኅንነታቸው እንደገና ይሞከራል መባሉን ሰምቶ ግራ ገብቶታል።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ያንን ቀይ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን፣ ለዓመታት በእጄ የሰጠሁ ነርስ ነኝ። ቀስ እያልኩ ስገፋው ዓይኔን ከታማሚዋ ክንድ አላነሳም፤ ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ያቃጥላል። ቤት ገብታ ሽንቷ ቢቀላ ግን አትደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል።

እኔን የሚያስፈራኝ ልቧ ነው። ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ ይጎዳል። ጡንቻው ከጉዳቱ የሚያገግምበትን መንገድ ደግሞ ትራስቱዙማብ ይዘጋበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ ካንሰሩ ከተሰራጨባቸው ሴቶች መካከል ቀዩን ወይም ዘመዱን የያዘ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ከ100 በ8ቱ ላይ የልብ ችግር ታየ። ትራስቱዙማብ አብሮ ሲሰጥ 27 ደረሰ። ዕድሜ ማራዘሙም እዚያው ስለታየ መድኃኒቱ አልተጣለም፤ ተራ ተበጀለት። እናትሽን ማንም አልከለከላትም።

ለወንድምሽ ይህን ንገሪልኝ። ለየብቻ የተፈቀዱ ሁለት መድኃኒቶች ሲጣመሩ እንደ አዲስ ይፈተሻሉ። በተለመደው አሠራር ዝቅተኛው መጠን ለ3 ታማሚዎች ይሰጥና አንድ ዙር፣ ብዙ ጊዜ 21 ወይም 28 ቀን፣ ይጠበቃል። አንዱን ክፉኛ ከጎዳው ሌላ 3 ሰው ይጨመራል፤ ሁለት ከተጎዱ መጠኑ ከዚያ አያልፍም። ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር የተፈቀዱት ቬሙራፌኒብና ኢፒሊሙማብ አብረው ሲሞከሩ ጉበት ስለጎዱ ሙከራው ተዘግቷል።

ትራስቱዙማብ ከመጀመሯ በፊት፣ ከዚያም በየ3 ወሩ ገደማ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዝላታል። ብሩ ቢከብድም እባካችሁ አትዝለሉት። ቤት ውስጥ የምትጠጣው ቅጠል ወይም ሥር ካለም ለሐኪሟ ንገሩ፤ እሱም ከኬሞው ጋር መጣመሩ ነው።

አንቺ ደግሞ ማታ ማታ ትራሷን ቁጠሪ። በአንድ ትራስ ትተኛ የነበረች እናት ጋደም ስትል ትንፋሽ አጥሯት ሁለት ከጠየቀች፣ ወይም እግሯ ካበጠ፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቂ ይዘሻት ነይ።