የሳሙናሽን ሌብል ከጀርባው ጀምሪ

እህቴ፣ የአቮካዶና የጥቁር አዝሙድ ሳሙናሽን ፒያሳ ያሉ ሱቆች ሌብል ካልተለጠፈበት አንቀበልም እንዳሉሽ ጽፈሻል፤ ምን መጻፍ እንዳለበትና ዲዛይኑን ከየት እንደምትጀምሪም ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ሳሙና እየሠራሁ ለሱቆች ስለማስረክብ የማውቀውን ልንገርሽ። ዲዛይነር ጋ ከመሄድሽ በፊት ከጀርባ የሚሰፍረውን ጽሑፍ ጨርሺ። የፊቱ ውበት ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ በሚሸጠው ዕቃ ላይ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ወይም በሁለቱም መግለጫ እንዲለጥፍ ያዛል። የምርቱ ስም፣ የተሠራበት አገር፣ ክብደት፣ ከምን እንደተሠራ፣ አጠቃቀሙ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ጊዜ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ ይኑሩበት። እኔ የምርት ዙር ቁጥርም እጨምራለሁ። ደንበኛ አሳከከኝ ብትል የቱ ዙር እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ።

ክብደቱን ሳሙናው በተቆረጠበት ቀን አትመዝኚ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲደርቅ ውሃው ስለሚተን ይቀላል፤ በክረምት ደግሞ የሐዋሳ አየር እርጥብ ስለሆነ ማድረቂያው ጊዜ ይረዝማል። ደርቆ ካለቀ በኋላ ከቀለሉት ፍሬዎች አንዱን መዝኚና እሱን ጻፊ።

ቀኑ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። «ማብቂያ 03/2019» ብትዪ አንዱ ኅዳር፣ ሌላው ማርች ብሎ ያነበዋል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ያሰበው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው ብሎ ይመልሰዋል። «ኅዳር 2019 ዓ.ም.» ብለሽ ወሩን በስሙ ጻፊው።

ግብዓቶቹን ከሚበዛው ወደሚያንሰው ደርድሪ። «ከኬሚካል ነፃ» የሚለውን እባክሽ ተዪው። ደረቅ ሳሙና ያለ ኮስቲክ ሶዳ አይሠራም፤ በልኩ ከተመዘነ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ያልቃል እንጂ አልገባም ማለት አይቻልም። የእንግሊዝኛውን ዝርዝር ከኢንተርኔት አትገልብጪ። ሽፈራው የሚጨምሩ ብዙዎች «ሞሪንጋ ኦሌይፌራ» ብለው ያሳትማሉ፤ የእኛው የኮንሶና የአርባ ምንጭ ሽፈራው ግን ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። ሽቶ ካለበትም ይጻፍ፤ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ማድያት ያጠፋል፣ ጭርት ይፈውሳል፣ ብጉር ያድናል እንዳትዪ ነው። አድናለሁ ያለ ዕቃ እንደ መድኃኒት ይጠየቃል። አሜሪካ ላለ ዘመድ ልላክ ብትዪም እዚያ ሳሙና፣ ኮስሞቲክስና መድኃኒት የሚለዩት በሌብሉ ላይ በተጻፈው ቃል ጭምር ነው። ደግሞም ቆዳው የታመመ ሰው ያንን አምኖ ሐኪም ሳያይ ይከርማል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። «ለፊትና ለገላ መታጠቢያ፣ የአቮካዶ ዘይት ያለው» በቂ ነው። አገራችን ውስጥ ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ የሚፈለግብሽን ፈቃድ ከማሳተምሽ በፊት ጠይቂ። የስታንዳርድ ምልክት ደግሞ ተመርምረሽ ሲሰጥሽ እንጂ ከሌላ ሳሙና ላይ ተቀድቶ አይለጠፍም።

አሁን ወደ ዲዛይኑ። ሙሉ በሙሉ ከመጠቅለል ወረቀቱን እንደ መቀነት ወገቡ ላይ ማዞሩን እመርጣለሁ፤ ሳሙናው አየር ያገኛል፣ ገዢም ያሸተዋል። ከሥር ዘይት የማያሳልፍ ስስ ወረቀት ካላደረግሽ ግን ዘይቱ ጽሑፉን ያበላሸዋል። በኢንክጄት የታተመ በእርጥብ እጅ ሲነካ ይፈሳልና በሌዘር ይታተም ወይም ላሚኔት ይደረግ። ፊደሉን አታሳንሺ፤ የአማርኛ ፊደል ሲያንስ ቅጥያዎቹ በቀለም ይሞላሉ፣ ጠ እና ጡ፣ ሰ እና ሱ አይለዩም። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲሆን ይብሳል። ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ አጉልቶ ሲያሳይሽ አትስማሚ፤ በትክክለኛው መጠኑ አትሞ ይስጥሽና ዓይናቸው ደከም ያለ እናት አስነብቢው። ፊት ለፊት የሳሙናው ስም፣ ዓይነቱና ክብደቱ ብቻ ይኑሩ። ቦታ ከተረፈሽ በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ) አንድ መስመር ጨምሪ፤ ከገጠር ለገበያ የሚመጡት ደንበኞች ደስ ይላቸዋል።

ስሙን በብዛት ከማሳተምሽ በፊት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሌላ ሰው እንዳላስመዘገበው አጣሪ፤ የንግድ ምልክት ከተመዘገበ 7 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳልም። ለመጀመሪያው ዙር ግን ጥቂት አሳትሚና ቀኑንና የዙር ቁጥሩን በማኅተም ምቺበት፤ ቅመሙን ብትቀይሪ የተረፈው ወረቀት አያከስርሽም። የጻፍሽውን የጀርባ ጽሑፍ እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ።