ልጆቼ «አዲስ አበባ አሮጌ ሕንጻ የላትም» ይሉኛል፤ የት ልውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለገና ሁለት ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ እመጣለሁ፤ 14 እና 11 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ስንመጣ ከቦሌ ብዙም ስላልራቅን «ሕንጻው ሁሉ መስታወት ነው፣ አሮጌ ነገር የለም» ብለው ተመለሱ። እኔም መልስ አጣሁ። አንድ ሙሉ ቀን አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ በጠዋት ተነሺና ፒያሳ ሂጂ። መኪናውን ተዉትና በእግር ሁኑ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በልብሽ ይዘሽው የሄድሽው ፒያሳ ብዙው የለም። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊ ቦታ ፈርሷል፣ ዕድሜ ጠገብ ቤቶችም አብረው ሄደዋል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ለዚህ ነው የቀረውን ቶሎ አሳዪያቸው የምልሽ።

መጀመሪያ ጊዮርጊስ ግቡ። ልጆቹ ዙሪያውን ዞረው ግድግዳውን ይቁጠሩ፤ ስምንት ማዕዘን ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን አይተው ከሆነ ያ ክብ፣ የእንጨትና የጭቃ፣ ሣር የለበሰው ቤት በድንጋይ ሲሠራ ምን እንደሚመስል እዚህ ያያሉ፣ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዐድዋ ዘምቷል። ካቴድራሉ የተሠራው ከድሉ በኋላ ነው፣ መሐንዲሱ ደግሞ ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ። ከዚያ በ1929 ፋሺስት ጣሊያን መጥቶ አቃጠለው! ይህን ለ14 ዓመቱ ልጅሽ ስትነግሪው ፊቱን ተመልከቺ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የጫኑትም እዚሁ ነው። ውስጥ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አሉ፣ ስሙን ያዙት፣ ከሰዓት በኋላ እንመለስበታለን።

ሲርባችሁ ጣይቱ ሆቴል ናችሁ። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ጥር 3 ቀን 2007 እሳት ጎድቶት ነበር፣ ግን ተርፏል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ሲረግጡት ሲጥ ይላል። የነቢያት ጾም ላይ ከደረሳችሁ የጾም ቡፌውን እንዳታልፉት። ደግሞ አትቸኩሉ። አሮጌ ቤት ቁጭ ብለው ሲበሉበት ነው የሚገባው፣ በመኪና መስኮት አይታይም።

ማዘጋጃ ቤቱን በመንገዳችሁ እዩት። ሰዓት የተሰቀለበትን ማማ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፣ የመጨረሻ ማረፊያችሁን አፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው እሱ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚህ አዳራሽ ነው። ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ተከፍቷል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፤ ከአሜሪካ ሳትነሺ ጠይቂ፣ ፓስፖርትም ያዙ።

እዚያ ነው የአፈወርቅ የመስታወት ሥዕል ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር። በሦስት የተከፈለ ነው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። የቱ የቱ እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው፣ ፊቱ ቆመው ራሳቸው ይፈልጉት። «ሕንጻው ሁሉ መስታወት ነው» ብለውሽ የለ? እንግዲህ ይኸው መስታወት።