ጥያቄና መልስ፦ ሀብታም ስፖርተኞች ግብር ሲሰውሩ ቅጣቱ ለምን ይቀልላቸዋል?

ከአንባቢያን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ግብር የሰወሩ ታዋቂ ስፖርተኞች ጥፋተኛ ተብለው ሳለ ስለምን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢና ከባድ ስለሆነ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእርሱ ሰጥቻለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜሲ በ21 ወር፣ ሮናልዶ በ23 ወር እስራት ተቀጡ ሲባል ሰማን፤ ሁለቱም ግን አንድም ቀን ሳይታሰሩ ኳሳቸውን መጫወት ቀጠሉ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ከማለት ሌላ ምን ሊባል ይችላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱ ተጫዋቾች ወህኒ ቤት ያልገቡት ዳኞች ስለራሩላቸው ሳይሆን የስፔን ሕግ ራሱ በር ስለከፈተላቸው ነው። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ዳኛ ሲያዳላ በይግባኝ ሊታረም ይችላል፣ ሕግ ሲያዳላ ግን ሁሉም ነገር በሥርዓቱ የተፈጸመ ይመስላል።

የስፔን የወንጀል ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ120,000 ዩሮ በላይ ግብር የሰወረን ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራትና የሰወረውን ገንዘብ እስከ 6 እጥፍ በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ያዝዛል፤ የተሰወረው ከ600,000 ዩሮ ሲበልጥ ደግሞ እስራቱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይሆናል። ሲነበብ የሚያስፈራ ቅጣት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ ውስጥ፣ ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ከጠራው ጊዜ አንሥቶ በ2 ወር ውስጥ ዕዳውን ከፍሎ ጥፋቱን ካመነ ቅጣቱ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ዝቅ ሊልለት እንደሚችል ተደንግጓል። በዚህ መንገድ ዓመታት ወደ ወራት ይወርዳሉ። ከዚህ በኋላ ሁለተኛው በር ይከፈታል፦ ጥፋቱ የመጀመሪያው ከሆነ፣ የተፈረደበት እስራት ተደምሮ ከ2 ዓመት ካልበለጠና ዕዳውን ከከፈለ፣ ቅጣቱ በገደብ ሊታለፍለት ይችላል።

ሊዮኔል ሜሲና አባቱ ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ሦስት ዓመታት ከተጫዋቹ የምስል መብት (ስሙና ፎቶው ለማስታወቂያ ሲውል ከሚከፈለው) የተገኘውን ገቢ ቤሊዝና ኡራጓይን በመሰሉ አገሮች በተመዘገቡ ኩባንያዎች በኩል በማሳለፍ 4.1 ሚሊዮን ዩሮ ግብር ሰውረዋል ተብለው በሐምሌ 2016 የባርሴሎና ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው። ለእያንዳንዱ ዓመት 7 ወር፣ ለሦስቱ ዓመት 21 ወር ማለት ነው። ሜሲ ገና በ2013 ምርመራው እንደተጀመረ 5 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ስለነበር ይህ በማቅለያነት ተይዞለታል። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በበኩሉ 14.7 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ሰውሯል ተብሎ ከተከሰሰ በኋላ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ በጥር 2019 ማድሪድ ፍርድ ቤት ቀረበና የ23 ወሩን እስራትና በድምሩ 18.8 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሚደርሰውን ክፍያ ተቀበለ። በዚያ ቀን በመኪናው ሆኖ በምድር ቤቱ ጋራዥ በኩል ለመግባት ያቀረበው ጥያቄ ውድቅ ስለተደረገበት እንደማንኛውም ባለጉዳይ በዋናው በር ነበር የገባው፤ ሆኖም ፈገግ ብሎ ለአድናቂዎቹ እየፈረመ ነበር። ያንን ምስል ያየ ሰው ሕግ ተከብሯል ለማለት ቢቸገር አይፈረድበትም።

ጠያቂያችን ያነሡት አባባል ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ገደብ የዳኛው ሥልጣን እንጂ የተከሳሹ መብት አይደለም። ታዋቂዋ ስፔናዊት ዘፋኝ ኢሳቤል ፓንቶሃ ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ በማስመሰል ወንጀል የተፈረደባት 24 ወር፣ ማለትም ልክ 2 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ፍርድ ቤቱ ገደቡን ከልክሎ በኅዳር 2014 ወህኒ ቤት አስገብቷታል። ፍርድ ቤት ሲፈልግ ይህን ማድረግ እንደሚችል ይታወቃል ማለት ነው። ለስፖርተኞቹ ግን ሲያደርገው አላየንም።

ጥያቄ፦ ሜሲ የእስራት ጊዜውን በ252,000 ዩሮ ገዛ የሚባለው እውነት ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እውነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2017 ፍርዱን ካጸና በኋላ፣ በሐምሌ ወር የ21 ወሩ እስራት በገንዘብ ተለወጠለት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወሩን በ30 ቀን አስልቶ 630 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ቀን 400 ዩሮ። የአባቱ እስራት ወደ 15 ወር ዝቅ ብሎ ስለነበር በዚያው ስሌት 180,000 ዩሮ ደረሰበት። ይህ በመጀመሪያው ፍርድ በሜሲ ላይ ከተጣለው 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መቀጮ ጋር መምታታት የለበትም፤ ያ ለብቻው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው 400 ዩሮ የሚለውን ቁጥር ዳኛው ለሜሲ አዝኖ ያወጣው አድርጎ ይመለከተዋል። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ 400 ዩሮ የስፔን ሕግ በአንድ ሰው ላይ ለአንድ ቀን እንዲጣል የሚፈቅደው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ዝቅተኛው 2 ዩሮ ነው። የዕለት መቀጮ ሥርዓት የተፈጠረው ደሃውም ሀብታሙም እንደየአቅማቸው እኩል እንዲሰማቸው ነበር፤ ጣሪያው እንዲህ ዝቅ ሲል ግን ለደሃው ብቻ ይሠራል። የቀን ሠራተኛ በቀን 10 ዩሮ ቢቀጣ ከልጆቹ ጉሮሮ ላይ የሚነጠቅ ነው፤ በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ የሚያገኝ ሰው ግን በቀን 400 ዩሮ መክፈሉን ላያስታውሰው ይችላል። በጀርመን ሕግ ጣሪያው በቀን 30,000 ዩሮ ነው። ሜሲ በዚያ ልኬት ቢሰላለት 630ው ቀን ወደ 19 ሚሊዮን ዩሮ ሊጠጋ ይችል ነበር። ስፔን ይህን አንድ ቁጥር ብትቀይር ከብዙ ንግግር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ከሱቅ ዕቃ የሰረቀ ሰውም እኮ ጥፋቱ የመጀመሪያው ከሆነ በገደብ ይለቀቃል። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? (ከማድሪድ)

መልስ፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ የ2 ዓመቱ በር በእርግጥ ለሁሉም ክፍት ነው። ልዩነቱ ያለው ከበሩ በፊት ነው። በስፔን የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ከ400 ዩሮ ካለፈ ድርጊቱ ከ6 እስከ 18 ወር እስራት ያስከትላል። ግብር የሰወረ ሰው ግን በዓመት 120,000 ዩሮ እስኪሞላ ድረስ ወንጀለኛ አይባልም፤ ጉዳዩ በአስተዳደር ቅጣት ብቻ ያልቃል። 119,000 ዩሮ ከሕዝብ ካዝና ያስቀረ ሰው የፖሊስ ፊት ሳያይ ይኖራል፣ 500 ዩሮ የሚያወጣ ስልክ የወሰደ ወጣት ግን የወንጀል መዝገብ ይከፈትበታል። ሰራቂው ዕቃውን መመለሱ ቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ቢችልም፣ ከፍሎ ሁለት ደረጃ የመውረድን ያህል የተመቻቸ መንገድ በስሙ አልተጻፈለትም። መንግሥት ወንጀለኛን ከማሰር ይልቅ ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚሻለው ይገባኛል፤ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚሠራው በግብር እንጂ በእስረኛ አይደለም። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው መክፈል ለሚችል ሰው ብቻ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ «እኔ ኳስ ብቻ ነው የምጫወተው፤ ሰነዱን የሚያውቀው አባቴ ነው» የሚለው መከላከያ ተቀባይነት አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በስፔን አላዋጣም። ሜሲ በ2016 ችሎት ፊት አባቱን ያምን እንደነበርና ስለ ሰነዱ ምንም እንደማያውቅ ተናግሯል፤ እንዲያውም ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ልጁ ነጻ ይሁን ብሎ ነበር፤ ክሱን አጥብቆ የያዘውና ከ22 ወር በላይ እስራት የጠየቀው የግብር መሥሪያ ቤቱን ወክሎ የቆመው የመንግሥት ጠበቃ ነው። ፍርድ ቤቱም ሆን ብሎ አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም ሲል ወሰነ። ሳሙኤል ኤቶም በ2022 እንደ አባት የሚያየው የቀድሞ ወኪሉ ያዘዘውን እንደ ፈጸመ ተናግሮ ጥፋቱን አመነ፤ 22 ወር በገደብ ተፈረደበት።

በጀርመን ከዚያ በፊት የሆነው ግን ሌላ ነበር። የቴኒስ ተጫዋቿ የስቴፊ ግራፍ አባት ፒተር ግራፍ የልጃቸውን ገቢ ግብር በመሰወራቸው በ1997 የ3 ዓመት ከ9 ወር እስራት ሲፈረድባቸው፣ በእርሷ ላይ የተጀመረው ምርመራ ገንዘብ ከፍላ ተዘግቷል። ልጅ በነበረችበት ጊዜ ሁሉንም ነገር አባቷ ይዘውት ስለነበር ውሳኔው ፍትሐዊ ነው እላለሁ። የሃያ ዓመት ወጣት በአባቱ ቢታመን የሚያስወቅስ አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ውል ላይ ራሱ ከፈረመ ግን ቢያንስ ግብሩ ተከፍሏል ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ጥያቄ፦ እስከ ዛሬ በግብር ምክንያት በእርግጥ የታሰረ የስፖርት ሰው አለ? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ አለ። እንግሊዛዊው ፈረስ ጋላቢ ሌስተር ፒጎት ደርቢ የተባለውን ታላቅ የፈረስ ውድድር 9 ጊዜ ያሸነፈ የአገሩ ጀግና ነበር፤ በ1987 ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ገቢ በመደበቁ 3 ዓመት ተፈርዶበት አንድ ዓመት ያህል ታስሯል፤ ከንግሥቲቱ የተሰጠውን ክብርም ተነጥቋል። አሜሪካዊው የቤዝቦል ኮከብ ፒት ሮዝ ፊርማውንና የመታሰቢያ ዕቃዎችን ሸጦ ያገኘውን ጨምሮ 354,968 ዶላር ገቢ ባለማስታወቁ በ1990 5 ወር ታስሯል። የሰወረው ከሜሲ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ስለዚህ ቅጣቱን የሚወስነው የሰውየው ዝና ሳይሆን የተዳኘበት አገር ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የጀርመን ጉዳይ ይመስለኛል። የቴኒስ ተጫዋቹ ቦሪስ ቤከር ሞናኮ እኖራለሁ እያለ ሙኒክ ይኖር እንደነበር ተደርሶበት፣ 1.7 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ግብር በመሰወሩ በ2002 የ2 ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደበት፤ ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው 3 ዓመት ተኩል ነበር። በ2008 ግን የአገሪቱ ከፍተኛው የወንጀል ችሎት፣ የተሰወረው ግብር ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ ካለፈ ልዩና ከባድ ማቅለያ ከሌለ በስተቀር ገደብ እንዳይሰጥ ወሰነ። ስለዚህ በ1974 የዓለም ዋንጫን ያነሣው፣ በኋላም የባየር ሙኒክ ፕሬዚዳንት የሆነው ኡሊ ሆነስ በመጋቢት 2014 ችሎት ሲቀርብ ነገሩ ተለውጦ ነበር። የሰወረው 28.5 ሚሊዮን ዩሮ ሆኖ ተገኘ፤ 3 ዓመት ተኩል ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሳይል ላንድስበርግ ወህኒ ቤት ገባ፤ የቅጣቱን ግማሽ ፈጽሞ በየካቲት 2016 በአመክሮ ወጣ። ጀርመን ውስጥ ለሆነስ የተለየ ሕግ አልወጣም፣ ለቤከር የተሠራበትም አልተቀለበሰም፤ አንድ ፍርድ ቤት ግልጽ መስመር ማስመሩ ብቻ በቂ ሆነ።

ጥያቄ፦ ማራዶናስ ለምን አልታሰረም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የማራዶና ጉዳይ ከናፖሊ ዘመኑ የተረፈ ውዝፍ የግብር ዕዳ እንጂ የእስራት ፍርድ የተሰጠበት አልነበረም። የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊሶች ወደዚያ አገር ሲገባ ንብረቱን የያዙበት ጊዜ ነበር፤ በ2009 ለሕክምና በሄደበት የጆሮ ጌጡን ወስደው በጨረታ በ25,000 ዩሮ ሸጠውታል።

ጥያቄ፦ የግብር መሥሪያ ቤቱ ታዋቂ ሰዎችን የሚከሰው ሌላውን ለማስፈራራት ነው ይባላል። ንጹሕ ሆኖ የተከሰሰስ የለም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለ፤ ይህን ሳላነሣ ባልፍ ሚዛኑን አጓድላለሁ። ስፔናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ዣቢ አሎንሶ የምስል መብቱን በፖርቱጋል ማዴይራ ለሚገኝ ኩባንያ ማስተላለፉ ሕጋዊ ነው ብሎ ጸና፤ ሌሎች ተጫዋቾች እንዳደረጉት ተስማምቶ ቀላል ቅጣት መቀበል እየቻለ የዓመታት እስራት የሚያስከትል ክርክር መረጠ። በ2019 ነጻ ተባለ፤ ዐቃቤ ሕግ ቢቀጥልበትም በ2023 የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻነቱን አጸናለት። ስምምነት ሁሉንም የሚገፋ ከሆነ ንጹሑ ሰው ከፍርሃት የተነሣ ጥፋቴ ነው ይላል፣ ጥፋተኛው ደግሞ በቀላሉ ያመልጣል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው እውነቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ፤ ያላስታወቅሁት ገቢ አለ። ራስን ማስታወቅ ከቅጣት ያድናል ሲባል እሰማለሁ። ይህ ለሀብታም ብቻ ነው ወይስ ለእኔም? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ለእርስዎም ነው፤ ሆኖም ሆነስም በዚሁ መንገድ ሄዶ ያልተሳካለት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በጥር 2013 ራሱን ቢያስታውቅም ፍርድ ቤቱ ያቀረበው ያልተሟላ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ ያለፉትን 10 ዓመታት አንድም ሳያስቀሩ እንዲያስታውቁ፣ ይህንንም የምርመራ ትእዛዝ ሳይደርስዎ ወይም ጥፋቱ ሳይታወቅ እንዲያደርጉና ዕዳውን ከነወለዱ እንዲከፍሉ ነው። የተሰወረው ግብር ከ25,000 ዩሮ ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ ይኖራል። ግማሹን አስታውቀው ግማሹን ቢያስቀሩ የሚተርፍዎት ነገር የለም፤ ስለዚህ አንዲት ወረቀት ከመላክዎ በፊት በግብር ወንጀል የሠለጠነ ጠበቃ ዘንድ ደረሰኞችዎንና የባንክ መግለጫዎችዎን ይዘው ይሂዱ።