«ጋሼ፣ ይሄ ደብዳቤ ስካም ነው እንዴ?»

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በስልኬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ ነርሲንግ ትማራለች። ፎቶው ከኮሌጇ የመጣ ደብዳቤ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ፣ የፋይ ቴታ ካፓ አባል እንድትሆኚ ተመርጠሻል ይላል። ከሥሩ እሷ አንድ መስመር ጽፋለች። «ጋሼ፣ ይሄ ደብዳቤ ስካም ነው እንዴ? ገንዘብ ክፈሉ ይላል።»

መልሱ የአንድ ደቂቃ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ያንን ደብዳቤ አውቀዋለሁ። የዛሬ 40 ዓመት ገደማ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀችኝን ልመልስ። ስካም አይደለም። ፋይ ቴታ ካፓ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ነው። በ1918 ሚዙሪ ውስጥ ተመሠረተ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ አንዱን ብቻ በእኛ እላለሁ።) በትምህርታቸው ጎበዝ የሆኑ ተማሪዎችን ይጋብዛል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ብዙ ናቸው። የሁሉም ታላቅ ፋይ ቤታ ካፓ ነው። ሀገሪቱ ነፃነቷን ባወጀች በአምስተኛው ወር፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1776፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው ዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተማሪዎች መሠረቱት። ስማቸውን አስመስለው ገንዘብ የሚሰበስቡም አሉና መጠየቅ ጥሩ ነው። ማኅበሩ ኮሌጃችሁ ውስጥ ቅርንጫፍ አለው? አማካሪ መምህር አለው? ሄዳችሁ በአካል ታገኟቸዋላችሁ? አዎ ከሆነ ይበቃል።

አሁን ወደ እኔ ደብዳቤ ልመለስ።

ከጎንደር ወጥቼ በገዳሪፍ፣ በካርቱም አድርጌ ዋሽንግተን የገባሁት በ1983 ነው። ቀን ኮሌጅ እማራለሁ፤ ማታ አርሊንግተን ፓርኪንግ እሠራለሁ። ያኔ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። ካልኩለስን ያጠናሁት ትኬት በምቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መኪና ሲመጣ እርሳሴን መጽሐፉ መሃል አደርግና መስኮቱን እከፍታለሁ። መኪናው ሲወጣ የነበርኩበትን መስመር እፈልጋለሁ።

የሒሳብ አስተማሪዬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊት ነበሩ። የቤት ሥራዬን ሲያርሙ ትክክለኛውን መልስ አይጽፉልኝም። የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ ያሰምሩና ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «እዚህ ጋ ምን አሰብክ?» ብለው ይጽፋሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምን አሰብክ ብሎ የጠየቀኝ አስተማሪ አልነበረም። አንድ ቀን ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ክፍሉ ባዶ ነው። እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀት ያርማሉ። አልተቆጡኝም። ተነሡና ያመለጠኝን ትምህርት ከመጀመሪያው ጀምረው ለእኔ ብቻ ሰሌዳው ላይ ሠሩልኝ።

በ1986 የጸደይ ወራት ደብዳቤው መጣ። «ተመርጠሃል» ይላል። ሰው ይሄን ሲያነብ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ሆዴን አመመኝ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ጎንደር መመለስ አለብኝ። በ1969 ዓ.ም. ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበረን። አሥራ አራት ልጆች ነበርን። ግጥም እናነባለን፣ እንከራከራለን። ጸሐፊያችን ስማችንን በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ላይ በቆንጆ እጅ ጽሑፉ ጽፎ ነበር። ደብተሯ ቀበሌ እጅ ገባች። ከዚያ «ትፈለጋለህ» ተጀመረ። ሁለት ጓደኞቼ እንደወጡ ቀሩ። እኔ የተረፍኩት በዚያ ሳምንት ገጠር አክስቴ ጋ ስለነበርኩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስሜን በምንም ዝርዝር ላይ ላላስገባ ለራሴ ማልኩ።

እና አሁን አንድ ማኅበር ስምህን ስጠን ይለኛል። ስሙ በማላውቀው የግሪክ ፊደል ነው። ሻማ ይበራል፣ ቃል ይገባል ይላል። ከእኔ ጋር ቤት የተጋራው ልጅ ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «ሜሶን እንዳይሆኑ ተጠንቀቅ» አለኝ። ደግሞ 40 ዶላር ክፈል ይላል። የአሥራ ሁለት ሰዓት ደመወዜ ነው። እናቴ ደግሞ ብር ትጠብቃለች።

ስለ ግሪኩ አንድ ነገር ልበል። የታላቁ ማኅበር ስም፣ ፋይ ቤታ ካፓ፣ የሦስት የግሪክ ቃላት መጀመሪያ ፊደሎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊሎሶፊያ ነው። ይህ ቃል ገና ድሮ በግዕዝ በኩል ወደ እኛ ገብቶ ፍልስፍና ብለነዋል። የእኔ ማኅበር ስምም በዚያው ፊደል ነው የሚጀምረው፤ የፈራሁት ፊደል እቤቴ ያደገ ቃል መጀመሪያ ነበር። ይሄን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ደብዳቤውን መጽሐፌ ውስጥ ደበቅኩት። ግን በኮሌጃችን አንድ ልማድ ነበር። በአቀባበሉ ምሽት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መምህር ይጋብዛል፤ የሁለቱም ስም ይጠራል፤ አብረው ይቆማሉ። አስተማሪዬ ከክፍል ስወጣ አስቆሙኝና «ስምህን ዝርዝሩ ላይ አየሁት። ማንን ልትጋብዝ ነው?» አሉኝ። «እርስዎን» አልኩ። ይሉኝታ ነበረበት፤ ግን ከልቤም ነበር። ፊታቸው በራ። ፎርሙን እሳቸው ፊት ሞላሁት። ገንዘቡንም በማግስቱ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊት ሌሊት የምትመጣብኝ ያቺ ሰማያዊ ደብተር ናት።

ምሽቱ ደረሰ። ክራቫት ተውሼ ለበስኩ። ጫማዬን ወለወልኩ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆምኩ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሾፌሩ አየኝ። አልተንቀሳቀስኩም። በሩ ተዘጋና ሄደ። እኔም በእግሬ ወደ ፓርኪንጉ ሄጄ የጓደኛዬን ተራ ወሰድኩ። ሌሊቱን ሙሉ በክራቫት ትኬት ቆረጥኩ።

እዚያ የነበረ የክፍሌ ልጅ በኋላ ነገረኝ። አስተማሪዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቦርሳቸውን አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ አድርገው ቦታ ይዘውልኛል። ስማችን ሲጠራ ዞር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ብቻቸውን ቆሙ።

ሰኞ ዕለት ከክፍል በኋላ የፕሮግራሙን ወረቀት ሰጡኝ። ስሜና ስማቸው አንድ መስመር ላይ ታትሟል። «እንዲኖርህ ብዬ ነው» አሉ። «አሞህ ነበር?» አሉኝ። «ሥራ ነበረብኝ» አልኩ። አልዋሸሁም። እውነቱን ግን አልተናገርኩም።

በ1994 አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ያኔ መሐንዲስ ሆኛለሁ፤ የውኃ መስመር እዘረጋለሁ። ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጎንደርን፣ ደብተሯን፣ አውቶቡሱን። ስለ ትራፊክ አውርተን ተለያየን። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ያቺ ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ምን አሰብክ እያሉ ጠይቀውኛል። መልሱ የሚያስፈልጋቸው አንድ ቀን መጣ፤ እኔ ዝም አልኩ።

የዛሬ ልጆች ብዙ ነገር ትጠይቃላችሁ፤ ይሄ ደስ ይለኛል። እኛ እንፈራ ነበር። ግን የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ «ምን ይጠቅመኛል?» ነው። ሬዙሜ ላይ ያምራል ወይ ነው። ይሄ አይመቸኝም። ክብርን እንደ ኩፖን ማየት ነው። ያም ሆኖ፣ ከተጠየቅኩ ልንገራችሁ፣ ጥቅሙም ትንሽ አይደለም። ብዙ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ የፋይ ቴታ ካፓ አባላት የተለየ ስኮላርሺፕ አላቸው። ማመልከቻ አስገቡ። አትተዉት። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ የትምህርት ብድሬን ስከፍል ዓመታት ቆጠርኩ።

እኔ ለወረቀት ብዙም አይደለሁም። ዲግሪዬ የት ካርቶን ውስጥ እንዳለ ባለቤቴ ነች የምታውቀው። ያቺ የፕሮግራም ወረቀት ግን ዳዊቴ ውስጥ ናት። ቤት በቀየርን ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

ልጅ ሆኜ የወላጆች ቀን ትዝ ይለኛል። አንደኛ የወጣ፣ ሁለተኛ የወጣ፣ ሦስተኛ የወጣ እየተባለ ይጠራል። ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል። እናቶች እልል ይላሉ። አስተማሪያችን ጥግ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። ለእሳቸው ያጨበጨበ ግን አላስታውስም። ስለዚህ ፋይ ካፓ ፋይ የሚባለውን የሌላ የክብር ማኅበር ታሪክ ሳነብ ልቤን ነካኝ። በ1897 ሜይን ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ አባላት አሥር ተማሪዎች፣ ሁለት መምህራንና የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተማሪውና አስተማሪው እኩል ነበሩ ማለት ነው። የእኛ ማኅበሮች፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያኖች እዚህ ሀገር በየዓመቱ ተመራቂዎችን ያስመርቃሉ፣ ኬክ ይቆረጣል። በጣም ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አስተማሪ ይዞ ይምጣ። ዶሮ ወጥ ይቅመሱልን። ስማቸው ይጠራ።

እናንተ የእኔ ዓይነት ፍርሃት የለባችሁ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ግን አላችሁ። ከቅርብ ጊዜ ጦርነት የመጣችሁ፣ ስም ሲጠራ የምትደነግጡ። ለእናንተ ሂዱ ብዬ አላስገድድም። ካልቻላችሁ ቅሩ። ግን ለጋበዛችሁት ሰው ለምን እንደቀራችሁ ንገሩት። በደብዳቤም ቢሆን።

ለእህቴ ልጅ «ክፈዪ፤ ካነሰሽ እኔ አለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ቀጥዬ ማንን ልትጋብዥ ነው አልኳት። «የአናቶሚ መምህሬን» አለች። «ግን ትመጣ ይሆን?»

አቀባበሉ ሐሙስ ማታ ነው። እኔም ተጋብዣለሁ። ወረቀቷን ከዳዊቴ አውጥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቻታለሁ። የእህቴ ልጅ ከዚህ በፊት አይታት አታውቅም።