«ዋት ፕራይስ ሆሊውድ?»ን ማየት ይገባልን? ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

የተከበሩ የቡድናችን አባል፣ በ1937 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» የተባለ የሆሊውድ ፊልም ላየ ሰው የ1932ቱ ፊልም «ዋት ፕራይስ ሆሊውድ?» የሚጨምርለት ነገር ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፤ ቀዳሚውን በእርግጥ ይመልከቱት፣ ለኋለኛው ፊልም ረቂቅ ብቻ ነው ብለው ግን አይናቁት እላለሁ።

ሁለቱም ዴቪድ ሴልዝኒክ በፕሮዲዩሰርነት የመራቸው ፊልሞች በመሆናቸው መመሳሰላቸው አያስደንቅም። ይሁንና በኋለኛው ፊልም የተዋናይቷ ባልና ከዝናው የሚወድቀው አርቲስት አንድ ሰው ሲሆኑ፣ ጆርጅ ኪውከር ባዘጋጀው በዚህኛው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በብራውን ደርቢ ምግብ ቤት የምታስተናግደውን ሜሪ ኢቫንስን ወደ ፊልም ሥራ የሚያስገባት መጠጥ ያሸነፈው ዳይሬክተር ማክስ ኬሪ ነው፤ የምታገባው ግን ሀብታሙን የፖሎ ተጫዋች ሎኒ ቦርደንን ነው። ሎኒ በሙያ የሚፎካከራት ሰው ስላልሆነ፣ ትዳራቸውን የሚፈትነው የዝና ቅናት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው፤ ማለትም የቀረጻው ሰዓት፣ የጋዜጠኞቹ ጥያቄ፣ በሠርጓ ዕለት እንኳ ሙሽሪትን የሚያንገላታው ሕዝብ። ትዳርና የፊልም ሥራ አብረው ይዘልቃሉ ወይ የሚለው ጥያቄ እንዲህ ጠርቶ የቀረበበት ሌላ የዚያ ዘመን ፊልም አላየሁም።

ከሁሉ የምወደው የደረጃውን ትዕይንት ነው። ሜሪ ከደረጃ እየወረደች አንዲት አጭር ንግግር እንድትናገር ታዝዛ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ፈጽሞ አይሳካላትም። ሌሊት በምትኖርበት ቤት ደረጃ ላይ ብቻዋን እየወጣችና እየወረደች፣ እርምጃዋና ድምፅዋ እስኪስማሙ ድረስ ያንኑ ንግግር ትደጋግመዋለች፤ ኮንስታንስ ቤኔት ይህን ስትጫወት ለውጡ በዓይናችን ፊት ይፈጸማል። ተሰጥኦ በልፋት ሲገራ በግልጽ ስለሚያሳየን፣ ኋላ ባሏ ሥራዋን እንደ እንቅፋት ሲቆጥረው ምን እንድትተው እየጠየቃት እንደሆነ በሚገባ እንረዳለን።

ፊልሙ በሳቅ ቢጀምርም፣ ሳቁ ግን እስከ መጨረሻው አብሮዎት እንደማይዘልቅ ይወቁ። ሎዌል ሸርማን የሚጫወተው ማክስ በመስታወት ውስጥ የተጎሳቆለ ፊቱን ከቀድሞ ፎቶግራፉ ጋር የሚያስተያይበትና ራሱን የሚያጠፋበት ክፍል፣ ስላቭኮ ቮርካፒች ባቀናበራቸው ፈጣን ምስሎች ታጅቦ፣ እጅግ ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ በፈረንሳይ የሚታረቁበት መደምደሚያ የተጣደፈ ነው፤ ሎኒ ስለ ሚስቱ ሥራ ያለው አመለካከት ስለ መለወጡ አንዳች ማስረጃ አይሰጠንም።